ቫግነር እውነት ሊያቃጥል ነበር? የባይሮይትን ደብዳቤዎች ስለ ማንበብ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጀርመን፣ ኑርንበርግ ነው። ባይሮይት ቅርቤ ስለሆነ ባለፈው ሄጄ ኮረብታው ላይ ያለውን የሙዚቃ ደራሲውን የሪቻርድ ቫግነርን የኦፔራ ቤት አየሁት። አብሮኝ የነበረ ወዳጄ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ ቤቱን የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ በስጦታ እንደሠራለት። ሁለተኛው፣ ቫግነር በወጣትነቱ ‹ቴአትሩ ሦስት ቀን ያገልግልና ይቃጠል› ብሎ ደብዳቤ እንደጻፈ። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? ደብዳቤዎቹን ተከትዬ በዚያ ቤት ኦፔራዎቹ የሚታዩበትን በዓል አመሠራረት በአማርኛ ልጽፍ አስቤአለሁ። ደብዳቤ የባለቤቱ የራሱ ቃል ስለሆነ ከሁሉም የበለጠ ይታመናል ብዬ ነው። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው እነሳለሁ፤ ሌላው ስህተት የሚመጣው ከእሱ ነውና። ደብዳቤ የባለቤቱ ቃል ነው፣ እውነት። ይታመናል ማለት ግን አይደለም። ቫግነር በሕይወቱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ደብዳቤ ጽፏል። ስለ በዓሉ የጻፋቸው አብዛኞቹ አንድ ነገር የሚጠይቁ ናቸው። ገንዘብ፣ መሬት፣ ዘፋኝ፣ ፈቃድ፣ የጊዜ ማራዘሚያ። ሰው ደጅ ሲጠና እንዴት እንደሚናገር እኛ አናጣውም። ለባለ ባንኩ ቁጥር ይጽፋል፣ ለንጉሡ ሕልም ይጽፋል፣ ለጓደኛው ብሶት ይጽፋል። ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ አንድ ደብዳቤ ሲያነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን አለ?» ሳይሆን «ከማን ምን ፈልጎ ነው?» መሆን አለበት።

አሁን ወደ ማቃጠሉ። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ደብዳቤው አለ። እንዲያውም ሁለት ነው፤ ሁለቱም የተጻፉት ዙሪክ ላይ በሴፕቴምበር 1850 ነው። አንዱ ፓሪስ ለሚኖረው ሠዓሊ ጓደኛው ለኤርንስት ኪትስ፣ ሌላው ከስድስት ቀን በኋላ ድሬስደን ለነበረው ቫዮሊን ተጫዋች ለቴዎዶር ኡሊግ። ሐሳቡ በሁለቱም አንድ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ በሳንቃና በአግዳሚ ቴአትር ይቆማል። ምርጥ ዘፋኞች ይጠራሉ። መግቢያው ነጻ ይሆናል። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ይታያል። ከዚያ ቴአትሩ ይፈርሳል፤ ለኡሊግ በጻፈው ላይ ደግሞ ኖታው ይቃጠላል። ልብ ይበሉ፣ የሚቃጠለው ኖታው ነው፤ ቴአትሩ የሚፈርስ ነው። እኛ አገር ለሠርግ ዳስ ተጥሎ መልሱ ሲያልቅ እንደሚነሳው ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገኝ 10 ሺህ ታለር (የዘመኑ የጀርመን ገንዘብ) ነው ይላል።

«በወጣትነቱ» የሚለውንም ይተዉት። ዕድሜው 37 ነበር፣ ከአሥር ዓመት በላይ ኦፔራ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ቀልድም አልነበረም፣ ዕቅድም አልነበረም። ብሶት ነበር። ብሶቱን ለመረዳት ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ መሄድ ይበቃል። ቫግነር በ1849 የድሬስደኑ ዐመፅ ውስጥ ገብቶ የእስር ማዘዣ ስለወጣበት ወደ ስዊዘርላንድ ሸሽቷል። ኦገስት 28 ቀን 1850 «ሎሄንግሪን» የተባለው ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ ቫይማር ላይ በፍራንዝ ሊስት መሪነት ታየ። ደራሲው የለም። ድንበር አይሻገርም። ከሰው አፍ ነው የሚሰማው፣ ከሰማውም ውስጥ ሥራው ካሰበው በላይ እየተጎተተ መርዘሙ አለ። አስቡት እስቲ፣ የራስህ ልጅ ሠርግ ላይ ሳትገኝ ምግቡ ጨው በዛው ሲሉህ።

የባይሮይት ሥር ይህ ነው። ብዙ ሰው በዓሉን የጀመረው ትልቅ መስሎ የመታየት ፍላጎት ይመስለዋል። ያ ፍላጎት አልነበረውም አልልም፣ ሞልቶት ነበር። መነሻው ግን ሥራው ከእጁ ወጥቶ በየከተማው ቴአትር እንደተገኘ መታየቱ ነው። በዘመኑ የጀርመን ኦፔራ ቤት ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ያሳያል፤ ልምምድ ጥቂት ነው፤ ተመልካቹ የሚመጣው ግማሹ ለመታየት ነው። ቫግነር የፈለገው የዚህን ተቃራኒ ነው። አንድ ሥራ፣ ረጅም ልምምድ፣ ለዚያው ብሎ ተጉዞ የመጣ ተመልካች። ይህን ሦስቱን ከ1850 እስከ 1882 ድረስ አልለቀቀም። ሌላው ሁሉ ተለዋውጧል፤ ቦታው፣ ሕንጻው፣ ዋጋው፣ ከማን ገንዘብ እንደሚመጣ።

በኖቬምበር 1851 ለኡሊግ የጻፈውን ደግሞ ከፊተኛው ጎን ያስቀምጡት። አሁን አንድ ኦፔራ አይደለም፣ አራት ነው፤ በኋላ «የኒቤሉንግ ቀለበት» ተብሎ የታወቀው ሥራ። ቦታው ዙሪክ አይደለም፣ ራይን ወንዝ ዳር ነው። የሚታየው በአራት ቀን፣ ከአንድ ዓመት ዝግጅት በኋላ ነው። ደግሞ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ መጪው አብዮት መጀመሪያ ያለውን የቴአትር ሥርዓት ጠራርጎ ይወስድልኛል ይላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሐሳቡ እንዲህ አድጓል። የ1850ውን ብቻ ቆርጦ የሚጠቅስ ጸሐፊ፣ ሰውየው ሳይውል ሳያድር እንደቀየረው አያውቅም ማለት ነው።

አብዮቱ አልመጣም። በ1863 የአራቱን ኦፔራዎች ግጥም ሲያሳትም መቅድሙ ላይ ሌላ በር አንኳኳ። ትንሽ ከተማ፣ ጊዜያዊ ቴአትር፣ ተመልካች የማያየው ኦርኬስትራ ያስፈልገኛል አለና፣ ይህን የሚያደርግ መስፍን ይገኝ ይሆን? ብሎ ጠየቀ። በማርች 1864 የ18 ዓመቱ ዳግማዊ ሉድቪግ የባቫሪያ ንጉሥ ሆነ። መቅድሙን አንብቦት ነበር። ቫግነርን አስፈልጎ አስጠራው፣ ዕዳውንም ከፈለለት። አብዮት ሲጠብቅ ንጉሥ መጣለት። ቫግነር እንግዲህ ማንኛውንም በር የሚያንኳኳ ሰው ነው፤ ይህን ካልተቀበሉ ደብዳቤዎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ያስቸግሩዎታል።

የመጀመሪያው የሉድቪግ ዕቅድ ሙኒክ ላይ ነበር። ታዋቂው አርክቴክት ጎትፍሪድ ዘምፐር ግዙፍ ቴአትር ነደፈ። የቫግነር ወጪና በቤተ መንግሥቱ ያለው ተሰሚነት ግን ሚኒስትሮቹንና ሕዝቡን አስቆጣ። በዲሴምበር 1865 ንጉሡ ራሱ ከሙኒክ ውጣ አለው። ቴአትሩ ወረቀት ላይ ቀረ። ይባስ ብሎ የ«ቀለበቱ» መብት በንጉሡ እጅ ስለነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኦፔራዎች በ1869 እና በ1870 ሙኒክ ላይ ቫግነር ሳይወድ ታዩ። እንደገና ሎሄንግሪን። ባይሮይትን መፈለግ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ባይሮይትን እንዲያስብ ያደረገው እዚያ ያለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ መንግሥት ኦፔራ ቤት ነው፤ መድረኩ ሰፊ መሆኑን ሰምቶ ነበር። በ1871 ሄዶ ሲያየው ለሥራው አልሆነም። ከተማው ግን ሆነ። ኖቬምበር 1 ቀን 1871 ለባይሮይቱ ባለ ባንክ ለፍሪድሪሽ ፎይስተል የጻፈው ደብዳቤ ምክንያቱን አንድ በአንድ ያስቀምጣል። ከተማው ባቫሪያ ውስጥ ነው፤ ማለትም በንጉሡ ግዛት። የሚፎካከር ቋሚ ቴአትር የለበትም። የመዝናኛ ከተማ ስላልሆነ የሚመጣው ሰው ለኦፔራው ብቻ ይመጣል። የከተማው ምክር ቤት በሳምንቱ መሬት በነጻ ለመስጠት ወሰነ። ከዚያ እኛ በደንብ የምናውቀው ነገር ተከሰተ። የተመረጠው መሬት የሁለት ሰዎች ነበርና አንዱ አልሸጥም አለ። ቫግነር ተናዶ ሁሉንም ሊተወው ነበር። ፎይስተልና ከንቲባው ቴዎዶር ሙንከር ሉሰርን አጠገብ ወደሚገኘው ቤቱ ድረስ ሄደው አበረዱት። ዛሬ ቴአትሩ የቆመበት ቦታ ሁለተኛው ምርጫ ነው።

ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ደብዳቤ በኤፕሪል 1872 ለዚሁ ለፎይስተል የተጻፈው ነው። ሕልም የለበትም ማለት ይቻላል። ሕንጻው ጊዜያዊ ይሁን ይላል፤ የስፖርት ማኅበራትና መዘምራን ለበዓላቸው እንደሚያቆሙት አዳራሽ ከእንጨት ቢሆንም ግድ የለም። እንዳይደረመስ ያህል ይጠንክር፣ ጌጥ አያስፈልግም፣ እዚህ ላይ ቆጥቡ። መድረኩ፣ የመድረኩ መሣሪያና ማሽን፣ ለሥራው ራሱ የሚያስፈልገው ሁሉ ግን እንከን አይኑርበት፤ እዚያ ላይ ቁጠባ የለም። የ1850ው ዳስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ልዩነቱ አሁን የሚያነበው የተከፋ ጓደኛ ሳይሆን ሒሳብ የሚይዝ ሰው መሆኑ ነው። አርክቴክቱ ኦቶ ብሩክቫልድ፣ የመድረክ ማሽኑ ባለሙያ ካርል ብራንት ናቸው። የመሠረት ድንጋዩ ሜይ 22 ቀን 1872፣ ቫግነር 59 ዓመት በሞላው ቀን፣ ዝናብ እየዘነበ ተጣለ። ያ «ጊዜያዊ» ቤት ዛሬም አለ። ጊዜያዊ የተባለ ነገር ዕድሜው እንደሚረዝም የኛም መሥሪያ ቤቶች ምስክር ናቸው።

እንግዲህ ገንዘቡ። የወዳጅዎ ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። ንጉሡ ቴአትሩን በስጦታ አልሠራም። ዕቅዱ 1,000 የደጋፊነት ሰርተፊኬት እያንዳንዱን በ300 ታለር ሸጦ 300 ሺህ ታለር መሰብሰብ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ታለር ሲባል ማርትሬዛ እንዳይመስልዎት። ስሙ አንድ ነው፣ ሳንቲሙ ሌላ ነው። አያቶቻችን የሚያውቁት ማርትሬዛ ውስጥ 23 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ሲኖር፣ የጀርመኑ ታለር 17 ግራም ገደማ ነበረው። በዚያ ላይ ልክ በዚያ ሰሞን ጀርመን ወደ ማርክ ተሸጋግራለች፤ አንድ ታለር በሦስት ማርክ። አንዱ ደብዳቤ በታለር፣ ቀጣዩ በማርክ ሲናገር ሳያስተውሉ ካለፉ ሒሳቡ ሦስት እጥፍ ይሳሳትብዎታል። ብዙ ሰው ተሳስቷል።

300 ታለር ለተራ ሰው የማይታሰብ ነበር። መላ ያመጣው ኤሚል ሄክል የተባለ የማንሃይም የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴ ነው። በ1871 የመጀመሪያውን የቫግነር ማኅበር አቋቋመ። አባላት ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፣ በተጠራቀመው ሰርተፊኬት ይገዛል፣ ቦታው በዕጣ ይከፋፈላል። እቁብ በሉት፤ ብቻ እቁብ ለሁሉም ይደርሳል፣ ይህ አይደርስም። ማኅበሩ በየከተማው ተዛመተ። ቫግነር ለሄክል የጻፋቸው ደብዳቤዎች ከሁሉም ይበልጥ ቀጥተኛ ናቸው፤ ምክንያቱም ሄክል የሚለመን ሳይሆን አብሮ የሚለምን ነበር።

ያም ሆኖ አልበቃም። ሰርተፊኬቱ እስከ መክፈቻው ድረስ ግማሹ እንኳን አልተሸጠም። በጁን 1873 ቫግነር ለጀርመኑ ቻንስለር ለቢስማርክ ጻፈ። መልስ አልመጣም። በ1874 መጀመሪያ ላይ ሥራው ሊቆም ሲል ሉድቪግ ጃንዋሪ 25 «አይሆንም፣ አይሆንም፣ ደግሜም አይሆንም! እንዲህ ማለቅ የለበትም» ብሎ ጻፈ። ሁሉም የሚጠቅሰው ይህን ነው። የማይጠቀሰው ተከትሎ የመጣው ውል ነው፤ እስከ 100 ሺህ ታለር የሚደርስ ብድር። ብድር! ንጉሡ በስጦታ የሰጠው ለቫግነር መኖሪያ ቤት ለቫንፍሪድ ማሠሪያ 25 ሺህ ታለር ነው። ወዳጅዎ ሁለቱን ቤት ሳያምታታ አልቀረም። የቴአትሩን ዕዳ የቫግነር ወራሾች ከኦፔራዎቹ ገቢ ከፍለው ጨርሰውታል።

በነገራችን ላይ፣ ከረዱት መካከል የግብፁ ኬዲቭ (ገዥ) እስማኤል አለበት። ኦፔራ ወዳድ ሰው ነው፤ የቨርዲ «አይዳ» በ1871 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ካይሮ በሱ ኦፔራ ቤት ነው፤ ታሪኩም ስለተማረከች ኢትዮጵያዊት ልዕልት ነው። ይኸው ኬዲቭ በኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፣ በማርች 1876 ጉራ ላይ ጦሩን ልኮ በአጼ ዮሐንስ ሠራዊት የተሸነፈው ነው። ባይሮይት የተከፈተው ከጉራ አምስት ወር በኋላ ነው። ጽሑፍዎ ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሆነ ይህችን አትዝለሏት፤ ብቻ ከዚህ በላይ አትለጥጧት። በቫግነርና በጉራ መካከል ያለው ዝምድና የአንድ ሰው ኪስ ብቻ ነው።

በዓሉ ኦገስት 13 ቀን 1876 ተከፈተ። «ቀለበቱ» ሦስት ጊዜ ሙሉውን ታየ። ሦስት ጊዜ፣ ልክ እንደ 1850ው። ነጻ ግን አልነበረም፤ የመጡትም ነገሥታትና ባለ ጸጎች ናቸው። ሲዘጋ 148 ሺህ ማርክ ገደማ ኪሳራ ነበር። ቫግነር ለማካካስ በ1877 ለንደን ሄዶ ትልቅ የኮንሰርት ዝግጅት አደረገ፤ ይዞ የተመለሰው 700 ፓውንድ ገደማ ነው። ቴአትሩ ስድስት ዓመት ተዘጋ። ሁለተኛው በዓል በ1882 «ፓርሲፋል» ሲታይ ነው፤ በ16 ትርኢት። በዚያው ዓመት ቫግነር ለደጋፊው ለፍሪድሪሽ ሾን በጻፈው ደብዳቤ፣ አቅም ለሌለው የኪነ ጥበብ ሰው ነጻ መግቢያና የጉዞ ድጋፍ የሚሰጥ ፈንድ አስፈላጊነትን ያነሳል። ፈንዱ ተቋቁሞ ዛሬም ይሠራል። ከዙሪኩ ሜዳ ሐሳብ የተረፈው ነጻ ወንበር ይህ ነው።

ስለ ምንጮቹ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። የኡሊግ ደብዳቤዎች በ1888 ሲታተሙ የቫግነር ቤተሰብ ያልወደደው ቦታ እየተቆረጠ ነው። በአሮጌው እትም ላይ ብቻ አይመሥርቱ፤ ከ1967 ጀምሮ መታተም የጀመረውን ሙሉውን የደብዳቤ እትም ይያዙ። ሁለተኛ፣ የሕይወት ታሪኩን ለማስረጃነት አይጠቀሙ። ለንጉሡ ብሎ በሚስቱ በኮዚማ እጅ ያስጻፈው ነው፣ 1864 ላይም ያበቃል፤ ለባይሮይት አይደርስም። ሦስተኛ፣ የሱን ደብዳቤ ከተቀባዩ መልስ ጋር ያንብቡ። የሉድቪግን መልስ ያላየ ሰው ንጉሡን የዋህ ያደርገዋል። አልነበረም።

ደስ የማይልም ነገር አለ፣ አይዝለሉት። ስለ ዳሱ ቴአትር በጻፈበት በዚያው በሴፕቴምበር 1850፣ በብዕር ስም አይሁድን የሚያዋርድ ጽሑፍ በሙዚቃ መጽሔት ላይ አውጥቷል። በኋላ ስሙን ጽፎ ደግሞ አሳትሞታል። «ፓርሲፋልን» የመራው ሄርማን ሌቪ ግን የራቢ ልጅ ነው፤ የተጫወተው የንጉሡ የሙኒክ ኦርኬስትራ ስለነበረና ሌቪም መሪው ስለነበር ቫግነር ምርጫ አልነበረውም። ሉድቪግ በ1881 ሃይማኖት ሳይለይ መቀበሉን አመስግኖ ሲጽፍለት፣ ቫግነር የመለሰው መልስ ንጉሡ እንዳሰበው እንዳልሆነ ያሳያል። እስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎችዎ የዚህ ሰው ሙዚቃ እዚያ ከ1938 ጀምሮ በአዋጅ ሳይሆን በልማድ ከመድረክ እንደተገለለ ያውቃሉ። ነጻ መግቢያ ያለውን ሰው ብቻ ካቀረቡላቸው ጽሑፍዎን አያምኑም።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ከንጉሡ ደብዳቤዎች አይጀምሩ፤ ያሰክራሉ። ስድስት ደብዳቤ ብቻ ይምረጡ። መጀመሪያ የኤፕሪል 1872ቱን የፎይስተል ደብዳቤ ያንብቡ፤ እሱ መለኪያዎ ይሁን። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው የ1850ውንና የ1851ዱን የኡሊግ፣ ወደ ፊት ደግሞ አንድ የሄክል፣ የጃንዋሪ 1874ቱን የሉድቪግና የ1882ቱን የሾን ይጨምሩ። ለእያንዳንዱ ዳር ላይ ሁለት ነገር ይጻፉ፤ ምን ጠየቀ፣ ምን አገኘ። ጀርመንኛዎ ለቫግነር ረጅም ዓረፍተ ነገር ካልበቃ የሚያግዝዎት ሰው ይፈልጉ፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ አይተርጉሙ፣ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ደብዳቤ ድምፁ ይጠፋል። ከዚያ ባቡሩን ይያዙና እንደገና ባይሮይት ይሂዱ። ቴአትሩ ውስጥ ሲገቡ ወንበሩን በእጅዎ ይንኩት። ፎይስተልን «እዚህ ላይ ቆጥቡ» ያለው እሱን ነው።